ባዶውን የሄደው አምቡላንስ

ለውድ የልጅ ልጄ፣ ለለምንዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? የምትጦሪያቸው አረጋውያን እንዴት ናቸው? ያ ጥርሱን እየደበቀ ቤቱን ሁሉ የሚያስበረብርሽ ሽማግሌ አሁንም ይደብቃል ወይስ መደበቂያ አልቆበት አፉ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ? አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽስ ደህና ናት? ለሁላችሁም በያላችሁበት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሰላምታዬ እንደ እኔ ያረጀ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ በር ከፍታችሁ ጠብቁት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «እኛ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን» ብዬ እቀጥል ነበር። ዛሬ እንዲያ ብዬ ብጽፍ ብዕሩም ይታዘበኛል። አያትሽን ከቀበርን ወዲህ ቤቱ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ሰው አለ፣ ወንበር አለ፣ ድስቱም እንደ ድሮው እሳት ላይ ነው፤ የሚቆጣኝ ግን የለም። ይኸው ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ወጥቼ ነው የምጽፍልሽ። እስካሁን ማንም «አንተ ሽማግሌ!» አላለኝም።

የድምፅ መልእክትሽን አጎትሽ አሰማኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጎልኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከለቅሶሽ መሃል የለየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አባባ፣ ለምን ጥለዋት ሄዱ? አንተስ ለምን ዝም አልካቸው?» ልጅ ሳለሽ ጨረቃ ለምን አትወድቅም፣ ዶሮ ለምን ጥርስ የላትም እያልሽ ስታደርቂኝ ነው ለምንዬ ያልኩሽ። ያኔ ለእያንዳንዱ ጥያቄሽ አንድ ውሸት ፈጥሬ እሰጥሽ ነበር፤ አንቺም ታምኚኝ ነበር። ለዚህኛው ግን ውሸት የለኝም፤ ቢኖረኝም አልሰጥሽም። በስልክ እንዳልነግርሽ አጎትሽ አጠገቤ ሆኖ በንዴት ይንተከተካል፤ እኔንም ድምፄ ይከዳኛል። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን። ደብዳቤ ሲያለቅስ አይሰማም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። የጤና መሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ ብዬ ስጎርርብሽ ትዝ ይልሻል። መቼም አምቡላንሳችን አንድ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እሱም የኋላ በሩ በገመድ የሚታሰር። ለዚያ አምቡላንስ ሠራተኞች የድንገተኛ ሕክምና መመሪያ ይዘጋጅ ተባለ፤ ሰው ቤትና መንገድ ላይ ምን ያድርጉ፣ ምን አይንኩ፣ ሁለት ቦታ ሲጠሩ ማንን ያስቀድሙ የሚል። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ሹፌሩና አዋላጇ ተሰበሰቡ። ከሕዝቡም አንድ ሽማግሌ ይኑር ተባለና እኔ ተገኘሁ። አያትሽ ስትሰማ «ሽማግሌ አጥተው ነው አንተን?» አለችኝ። «ሽማግሌማ ሞልቷል፤ መልከ መልካም አጥተው ነው» አልኳት።

ሰብሳቢው ሐኪም ገና ጎልማሳ ነው፤ ጥሩ ልጅ። «ሦስት ነጥቦች አሉኝ» ብሎ ይጀምርና ሦስተኛው ላይ ደርሶ አያውቅም፤ ስለዚህ «ሁለት ነጥብ» ብዬዋለሁ። ሹፌሩን ሳይረን ስለሚወድ «ጡሩንባ» አልኩት። ነርሷ ደግሞ ከሰላምታ ሌላ ቃል አይወጣትምና «ዝምታ» አልኳት። እሷም ስሟን ስትሰማ ፈገግ ብላ ዝም አለች።

መጀመሪያ የሰጡን ረቂቅ ከሀብታም አገር የተቀዳ ነበር። «ከአንድ በላይ ሕመምተኛ ካለ ሁለተኛውን አምቡላንስ ጥሩ» ይላል። ጡሩንባ እጁን አወጣና «ሁለተኛው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙም «ያው እኛው ነን፣ ስንመለስ» አለው። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ እንዴት እንደቆመ አላውቅም፤ ብቻ ቀና ስል ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል። ያንን መስመር ሰረዝነውና ባለን ነገር መጻፍ ጀመርን፤ የተሰበረ እግር በካርቶን እንዴት እንደሚታሰር፣ ኦክስጅኑ ሊያልቅ ሲል ለማን እንደሚቀድም፣ ወልዳ የምትደማ ሴት መንገድ ላይ ሆዷ እንዴት እንደሚታሽ። ደረት መጫን ሊያስተምሩን ደግሞ ከወገቧ በታች የሌላት የጎማ አሻንጉሊት አመጡ። እኔም ተንበርክኬ ተጫንኩ። ቤት ገብቼ ለአያትሽ «ዛሬ ሌላ ሴት ደረት ላይ እጄን ጭኜ ዋልኩ፤ እንዳንቺም አትነታረክም» ብላት ማማሰያ ይዛ ግቢውን አዞረችኝ።

ከሁሉም በላይ ያከራከረን ግን የሞተ ሰው ነገር ነው። እዚህ እንዴት እንደሚሠራ ሳትሰሚ አትቀሪም። ሰው ቤቱ ይሞታል፤ አምቡላንስ ይጠራል። ሠራተኞቹ ሲደርሱ ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፤ ገና ከበር ሆነው ያውቁታል። ግን ሞቷል ብለው ቢወጡ ቤተሰቡ ያንቃቸዋል፤ አምና የጡሩንባን መስታወት በድንጋይ ያረገፉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ሬሳውን ይጭናሉ፣ ሳይረኑን ይለቃሉ፤ ነርሷም እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ የሞተ ሰው ደረት ስትጫን ትሄዳለች። በመኪና የሚከተለው ዘመድ በኋላው መስኮት ስለሚያያት እጇን ማሳረፍ አትችልም። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። «ተሞክሮለት ነበር» እንዲባል ነው።

ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው ያን ዕለት ነው። «አንድ ቀን የቀዘቀዘ ሰው ስጫን ስልኩ ጠራ» አለች። «ውሃ ጉድጓድ የገባ ሕፃን ነበር። እየሰማሁ መጫኔን ቀጠልኩ።» እኛም ሕፃኑ ምን ሆነ ብለን አልጠየቅናትም፤ ለመጠየቅ የደፈረ ቢኖር ኖሮ እኔው ነበርኩ፤ እኔም አልደፈርኩም።

ሐኪሙ መስመሩን ጻፈው፦ መሞቱ የተረጋገጠ ሰው በአምቡላንስ አይጫንም፤ ሠራተኞቹ እዚያው ለቤተሰቡ ይንገሩ። የቀረው እንዴት ይንገሩ የሚለው ነው። ሁለት ነጥብ ያረቀቀው «ታካሚው የሕይወት ምልክት ባለማሳየቱ ሂደቱ ተቋርጧል» የሚል ነበር። «ይህንን ለኔ ሚስት ብትላት» አልኩት፣ «ሂደቱን በጫማ ታስቀጥልሃለች።» እሱም ሳቀና «እንግዲያው አባባ፣ እርስዎ ይጻፉልን፤ ለዚሁ አይደል የጠራንዎት?» አለኝ።

ጻፍኩላቸው። ሠራተኛው መጀመሪያ ጓንቱን ያውልቅ። ቆሞ አይናገር፤ መሬትም ቢሆን ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ። ሟቹን በዝምድናው ይጥራ፤ አባታችሁ፣ እህታችሁ ይበል እንጂ ታካሚው አይበል። ከዚያ «ሞተዋል» ይበል። አልተሳካም፣ ደክመዋል እያለ አይሸፋፍን፤ ሰው በተሸፈነ ነገር ውስጥ ተስፋ ይፈልጋልና። ከቤተሰቡ የአንዱን እጅ ይዞ የሟቹ ደረት ላይ ያስቀምጥ፤ ጆሮ ያላመነውን እጅ ያምናል። ሌላ ዘመድ ወይም ጎረቤት እስኪመጣ ድረስም ጥሎ አይሂድ። ይቺን የመጨረሻዋን ሐኪሙ በቀይ አሰመረባት። ለጥቂት ወራት ይሞከር ተባለ፤ ቤተሰብ አቤት ካለ መስመሩ ይሰረዛል፣ ሠራተኛውም ይጠየቃል ተብሎ ተወሰነ። ለአያትሽ ሳነብላት «ጓንቱን ያውልቅ ያልከው ጥሩ ነው» አለችኝ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እሷ ጥሩ ነው ያለችኝ ነገር በጣት ይቆጠራል፤ ስለዚህ አልረሳውም።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። እዚህ ላይ ቀልድ ካጣሽብኝ አትቀየሚኝ።

ረፋድ ላይ ነው። አያትሽ ግቢ ውስጥ አንሶላ ታሰጣለች። እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ «ያኛው ጠማማ ነው፤ ቀና አድርጊው» እያልኩ አናድዳታለሁ። «መጥተህ አታሰጣም?» አለችኝ። የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነው፤ ሌላ ታላቅ ንግግር አትጠብቂ። ከዚያ አንሶላው ከነገመዱ ወረደ። እሷ ከሥሩ ነበረች።

ሮጥኩ። እኔ ሮጥኩ ስል አንቺ የምትስቂበትን ዓይነት ሩጫ ነው፤ ግን ሮጥኩ። ጠራኋት፣ ነቀነቅኋት፤ ትንፋሽ የለም። ደወልኩና ስልኩን መሬት ላይ ጥዬ እንደ አሻንጉሊቷ ተጫንኳት። አሻንጉሊቷ ጎማ ናት፤ አትሰበርም። የአያትሽ ጎን ግን ከእጄ ሥር ቀጭ አለ። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ነግረውን ነበር፤ ቢሰበርም አትቁሙ ብለውናል። አልቆምኩም። እሷም አልተቆጣችኝም። ለምንዬ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። ጎኗን ሰብሬባት ዝም ካለች፣ የለችም ማለት ነው።

አምቡላንሱ ቆየ። መንገዱ ለቧንቧ ተቆፍሮ ስለነበር በዙሪያ ነው የመጡት። ዝምታ ገብታ ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ጡሩንባም አየር መስጫውን ፊኛ ይዞ አያትሽ ጭንቅላት ጋ ተንበረከከ። ያላቸውን ሁሉ አደረጉላት፤ አልለገሙም፣ ይህን ከማንም በፊት ከእኔ ስሚ። መርፌውንም ሰጧት፤ የልቧን ምት ሊያዩ ደረቷ ላይ የሚለጠፈውንም ለጠፉላት። መመሪያው ከሚለው በላይ ቆዩባት። የዝምታ ላብ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠብ ነበር።

ከዚያ ጓንቷን አወለቀች።

ጓንቷን ስታወልቅ ሳይ የሚመጣውን ሁሉ ዐወቅሁት፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። «ተይ፣ መልሰሽ አጥልቂው» ልላት አፌን ከፈትኩ። እርጥቡ አንሶላ ጫፍ ላይ መሬት ተቀመጠች። «አባባ» አለችኝ፣ «ባለቤትዎ ሞተዋል።» እጄን ይዛ አያትሽ ደረት ላይ አስቀመጠችልኝ። ለሌላ ሰው ስጽፈው ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። አሁንም ጥሩ ሐሳብ ነው። ብቻ ያ እጄ እስከ ዛሬ አልሞቀም።

ይህን ጊዜ የጡሩንባ ስልክ ጠራ። አዲስ ከሚሠራው ፎቅ ላይ አንድ ቀለም ቀቢ ወድቋል፤ ይተነፍሳል፣ ይናገራል፣ ቶሎ ድረሱ። ጡሩንባ ዝምታን አያት፤ ዝምታ እኔን አየችኝ። መመሪያው ሰው እስኪመጣ ጥሎ አይሂድ ይላል። አጎትሽ ሥራ ላይ ነው፤ ሚስቱም ልጇን ይዛ ከቤተሰቦቿ ዘንድ ሄዳለች፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ወጥታለች። ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና አያትሽ ብቻ ነን። «ሰው ይምጣልዎ፤ እንጠብቃለን» አለችኝ ዝምታ። አፏ ይህን ይላል፤ እግሯ ግን ተነሥቷል። ቦርሳውን ይዞ በር ላይ የቆመው ጡሩንባም ዓይኑን ከእኔ አሽሽቷል። ከሁለት አንዳቸውም ሊለምኑኝ አልደፈሩም። «ሂዱ» አልኳቸው። አልተንቀሳቀሱም። «እሷ ከእንግዲህ አትቸኩልም፤ ያኛው ይቸኩላል፤ ሂዱ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ሄዱ። ጡሩንባም እንደ ወጣ ሳይረኑን ለቀቀው።

አጎትሽ የደረሰው በዚሁ መሃል ነው። ለካ ለእሱም ደውዬ ኖሯል፤ መቼና ምን ብዬ እንደሆነ አላስታውስም፤ ብቻ ከሥራው እየሮጠ መጥቷል። አምቡላንሱ ባዶውን እየጮኸ በአጠገቡ አለፈ። ገባ። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቱ መሬት ላይ ናት፤ ደረቷ ላይ ተለጣፊው እንዳለ ነው፤ የሰው ጓንት አጠገቧ ተጥሏል። አባቱ ደግሞ የወደቀውን አንሶላ ከገመዱ አላቅቆ ሊያለብሳት ይታገላል፤ ማያያዣው እንቢ ብሎታል። እስቲ ፍረጂ፤ እናቱን እንዲያ ያገኘ ሰው ምን ያስብ? እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ድንጋይ አነሣ ነበር። ስለዚህ ለአንቺ ደውሎ «ጥለዋት ሄዱ፤ አባባም ዝም ብሎ ሸኛቸው» ቢልሽ አልዋሸሽም። ያየውን ነው የነገረሽ።

ቀለም ቀቢውም ሞተ። ሆስፒታሉ በር ሳይደርስ፣ መንገድ ላይ። አጎትሽ ይህንን ይዞ እንደ ሚስማር ይመታብኛል። «እናቴን መሬት ላይ አጋድመው የሄዱት ለማን ነው? ለሌላ ሬሳ!» ይለኛል። እኔም ጠረጴዛውን አያለሁ፤ ያኔ በስብሰባው እንዳየነው።

አቤቱታ ጽፏል። ነርሷ መመሪያውን ጥሳ ሰው ሳይመጣ ሄደች ይላል፤ እውነት ነው። ሂዱ ያልኩት እኔ መሆኔ ግን የለበትም። ብነግረው «አንተ ያኔ በራስህ አልነበርክም፤ ያንተ ቃል ቃል አይደለም» አለኝ። እንድፈርም አመጣልኝ፤ «መነጽሬ ጠፋ» አልኩት። መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበር። ደግሞ አመጣልኝ፤ «እጄ ይንቀጠቀጣል» አልኩት። መልሶ ሲያመጣው ቀልዱ አለቀብኝና «አልፈርምም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አናወራም። ሻዬን ያመጣልኛል፣ ስኳሩን ራሱ ያማስልልኛል፤ ዓይኔን ግን አያየኝም። እናቱ ስትኮርፍ እንዲሁ ነበረች፤ በኩርፊያ ረገድ ቤቱ ውርስ አልጎደለበትም።

ሐሙስ ኮሚቴው ይሰበሰባል። አቤቱታው ከቀረበ መስመሩ ይሰረዛል፤ ዝምታም ሥራዋን ታጣለች። አምቡላንሱም እንደ ድሮው ለሰው ዓይን ሲል ሬሳ ተሸክሞ መጮኹን ይቀጥላል። አጎትሽ እኔን ሲያጣኝ «እማማ ያሳደገቻት የልጅ ልጇ ትፈርማለች» ብሎ ስምሽን ከሥር ጽፎታል። በስልክ ፊርማሽን ላኪ ሊልሽ ነው፤ ይህን ጊዜ ብሎሽም ይሆናል። ደብዳቤዬ በፖስታ ቢሄድ ሐሙስ ይቀድመዋል፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። ጽሑፌ ጠማማ ነው ብለሽ ብትስቂ አይከፋኝም፤ እንዲያውም ሳቂ።

ትናንት የቀለም ቀቢውን ቤት እየጠየቅሁ አገኘሁት። ለአጎትሽ ጸጉሬን ልቆረጥ ነው ብዬ ነው የወጣሁት፤ ጸጉር እንደሌለኝ እንኳ ልብ አላለም፤ ይህን ያህል ነው ያዘነው። አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ እስከ መሃል ሰማያዊ ተቀብቷል፤ የቀረው ሲሚንቶ ነው። የሰው ቤት ሲቀባ ኖሮ የራሱን የሚጨርስበት ጊዜ አላገኘም። ሚስቱ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ማን መሆኔን ስነግራት ተነሣች። «ያ አምቡላንስ ከእርስዎ ቤት ነው የመጣው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አብረን ቁጭ አልን።

በወደቀበት ሰዓት ምሳውን ልታደርስለት ደርሳ ነበር። እግሩ አልታዘዝ ብሎት፣ ፈርቶ ይጮኻል። ሰው ከብቦት አንዱ በጭነት መኪና እንውሰደው ይላል፣ አንዱ አትንኩት ይላል፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ነርሷ ሰዉን ሰንጥቃ ገባች። አንገቱን በሁለት እጇ ይዛ «አትንቀሳቀስ፤ እኔ አለሁ» አለችው። የሕመም ማስታገሻ ወግታ፣ በሳንቃ ላይ አስራ ጫነችው። መንገዱን ሁሉ ከሚስቱ ጋር ሲያወራ ሄደ። «ያቺን ግማሽ ግድግዳ ለሌላ ሰው እንዳታስቀቢ፤ ያንኑ ሰማያዊ አያገኝልሽም» አላት። ከዚያ ደከመው፤ ከዚያ ዝም አለ። ይህን ስትነግረኝ እንባ አልነበራትም፤ ጨርሳዋለች። «አልተረፈልኝም» አለችኝ። «ግን መጥተውልን ነበር። መሬት ላይ ሰው እየቀረጸው አልሞተም።»

ይህ ማጽናኛ እንዳይመስልሽ። ሁለት ቤት ለቅሶ ነው፤ ማንም ምንም አላተረፈም። እኔም ትናንት ይህን ሰምቼ ልቤ አረፈ ብዬ አልዋሽሽም። ብቻ ለአጎትሽ ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ለሬሳ አልሄዱም፤ ለሚያወራ ሰው ነው የሄዱት። መሞቱን ያወቅነው በኋላ ነው። አያትሽን ግን ያኔውኑ ዐውቀናት ነበር።

ቢጭኗትስ ኖሮ? አስቢው። ዝምታ የተሰበረ ጎኗን እየተጫነች፣ እኔ ከኋላ እየተንገጫገጭኩ፣ ጡሩንባ እየጮኸ፣ የሞተች ሚስቴን ለመንደሩ ዓይን ስንል ስናጓጉዛት። አጎትሽም ሲደርስ በር ተዘግቶ ያገኝ ነበር፤ እናቴ ተሞከረላት ብሎ ይጽናና ነበር። ያ ቀለም ቀቢ ግን እየተቀረጸ ይሞት ነበር፤ የሱ ነገር እኛ ቤት ወሬ ሆኖ እንኳ አይደርስም ነበር። አንቺም ለምን ብለሽ አትጠይቂኝም ነበር።

እንግዲህ «ለምን ዝም አልካቸው?» ላልሽው መልሴ ይኸው ነው፦ ዝም አላልኩም፤ ሂዱ ነው ያልኳቸው። ሐሙስም ሄጄ ይህንኑ እላለሁ። መስመሩን ለማዳንም አንዲት ነገር እጨምራለሁ፤ ቤተሰቡ ሂዱ ካላቸው ይሂዱ፣ ግን ሳይወጡ ጎረቤት ይጥሩ፣ አስከሬኑን አልጋ ላይ ያሳርፉ፣ የለጠፉትን ይንቀሉ፣ በሩን ይዝጉ። መመሪያውን ስጽፍ ይህን አላሰብኩትም ነበር። አጎትሽን ያቆሰለው እነሱ መሄዳቸው ብቻ አይደለም፤ ያ ክፍት በርና ያ ጓንት ነው።

አንቺን ግን አላዝሽም፤ አልለምንሽምም። ፊርማው ያንቺ ነው፤ ያሳደገችሽም እሷ ናት። ብትፈርሚ አልቀየምሽም፤ ትንሽ ብቻ እሰድብሻለሁ። ከመፈረምሽ በፊት ግን ይህን አስቢ፦ አንቺም እዚያ የሰው እናትና አባት ትጦሪያለሽ። አንድ ቀን ያ ጥርስ ደባቂ ሽማግሌ እጅሽ ላይ ይሞታል፤ ከጎኑ ባለው አልጋ ደግሞ ሌላው ትንፋሽ ያጥረዋል። ልጁ ሩቅ አገር ሆኖ «ለምን ትታው ሄደች?» ይላል። እኔ በዚያን ቀን ላንቺ የሚናገርልሽ አንድ ሽማግሌ እንዲኖር ነው የምፈልገው።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ ይህን እምቢ እንዳትዪኝ። ለአጎትሽ ደውዪለት። ስለ አቤቱታው አይደለም፤ ስለ እናቱ አውሪው። ቤታችን የመጣው ሁሉ ስለ አምቡላንሱ ነው የሚያወራው፤ እሱ ራሱም ስለ አምቡላንሱ ነው የሚያወራው። እናቱን እስካሁን አላለቀሳትም።

አጎትሽ ሰላም ይልሻል፤ እኔ እንደምጽፍልሽ አያውቅም፣ ቢያውቅ ግን ይልሽ ነበር። ሚስቱም ትስምሻለች። ትንሿ ልጁ አያቷ ያለችበት ቦታ ስልክ አለ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች፤ እሷም ለምን ለምን ማለት ጀምራለችና ተተኪሽ ተወልዷል። ልብስ ሰፊዋ ያን ዕለት ባልወጣ ኖሮ እያለች ትብሰለሰላለች፤ አንቺም ጻፊላት። ጡሩንባ ሰላም ብሎሻል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በእኛ ደጅ ሲያልፍ ሳይረኑን ያጠፋል። ዝምታ መንገድ ላይ አግኝታኝ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን ሰላምታ አድርጌ ቆጥሬዋለሁና ይኸው። የቀለም ቀቢው ሚስት አታውቅሽም፤ ግን ሰላም ይበሉልኝ ብላኛለች። ለጓደኛሽና ለጥርስ ደባቂው ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ለእሱ ከመስኮቱ መጋረጃ ኋላም ጥሩ ቦታ ነው በዪው።

አያትሽ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ሁልጊዜ ከጀርባዬ ትቆምና «እግርሽን አሙቂ በልልኝ» ትላለች። እኔም «ይህን ያህል ርቀት እግር አሙቂ ለማለት ወረቀት አላባክንም» እያልኩ አናድዳት ነበር። ዛሬ ወረቀቱ ላይ ቦታ ተርፏል።

እግርሽን አሙቂ ብላለች።

አባባ

ከቤታችን፣ ልብስ መስጫው ገመድ ፊት ለፊት ካለው መስኮት ሥር
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አያትሽን ከቀበርን በሁለተኛው ሳምንት